በሩ ወዴት ይዙር?

ዶክተር፣ ጀልባው ሳይደርስ አንድ ነገር ልንገርህ፤
ያንን ቅጽ እጠፈውና ክተተው ከቦርሳህ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዶኛ ኦርቴንሲያ ቤት፣ ገና እንደ ገባህ፣
የኮትህ ዝናብ ሳይንጠፈጠፍ፣ ሳይደርቅ ጫማህ፣
«ልብዎ ቢቆም፣ እናስነሣው ወይስ ይቅር?» አልካት፤
ድንች ስትልጥ ነበር፤ ቢላዋው አመለጣት።
ጥያቄህ ልክ ነበር፤ ያላማረው አቋሙ፣
እንደ ግብር ሰብሳቢ በር ላይ መቆሙ።
ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር እጄን ትይዛለች፣
«ያ ልጅ ቀኔን ያውቃል እንዴ?» እያለች።

ዛሬ ተራው የኤራስሞ ነው፣ የኤራስሞ ካርካሞ፤
ሳንባው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል ደክሞ።
አንተ የሳንቲያጎ ልጅ፣ አታውቅም ይሆናል፤
በዚህ በቺሎዌ ደሴት ቤት ራሱ ይሰደዳል።
መሬቱ ሲከዳው፣ ወይ ወንድም ከወንድም ሲጣላ፣
ከመሠረቱ ተነቅሎ ይሄዳል ወደ ሌላ፣
ግንድ ላይ ተጭኖ፣ በጥማድ በሬ ተስቦ፣
ሰፈሩ በሙሉ ገመድ ይዞ፣ ወጥቶ ለደቦ፤
ባሕር ካጋጠመውም ተንሳፍፎ ነው የሚሻገር፣
ድመቷ በመስኮት ሆና ማዕበል ስትቆጥር።

አርባ ዓመት ሙሉ የገመዱ አዝማች ኤራስሞ ነበር።

አንድ ቀን ኦክስጅኑን ስቀይርለት፣ እንዲሁ ለወሬ፣
«ቤት ሲነሣ መጀመሪያ የምታዘው ማንን ነው፣ ሰውን ወይስ በሬ?»
አልኩት።
ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። ጠበቅኩት።

«ማንንም» አለኝ። «ባለቤቱን አስቀምጬ እጠይቃለሁ መጀመሪያ፤
በሩ ወዴት ይዙር፣ ወደ ባሕር ወይስ ወደ ገበያ?
ከውስጥ ምን ይውጣ? ምኑስ ይቅር ባለበት?
መሐል ዳገት ላይ ግንዱ ቢሰበር፣ ቤቱ ቢያጋድል፣
እንግፋ? ወይስ ይብቃ፣ እዚያው ይተከል?
ያኔማ፣ ገመዱ ሲጮኽ፣ በሬው ሲንበረከክ፣ ሚስትየው ስታነባ፣
ማን መልስ ይሰጥሃል፣ የሰው ሁሉ ልብ ሲባባ?»

ዝም አለ። እኔም ዝም። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ሲመታ።
ይህን ያዝልኝ፣ ዶክተር፦ ዝምታ ሲመጣ ወሬ አትደርትበት፤
በውስጡ የሚመጣ ሰው አለ፤ መንገዱን ልቀቅለት።
ምድጃውን ሲያይ ቆየና፣ «ሁሉን ስጠይቅ ኖርኩ» አለ፣
«እኔን ግን የጠየቀኝ የለ።»

ስለዚህ ዛሬ ተቀመጥ። የማገዶው ሣጥን ይበቃሃል።
ልጁ ያስና «አታሟርቱበት» ብላ ትቆጣ ይሆናል፤
አትከራከራት፤ ፍቅር ነው፣ የፍርሃት ካባ ደርቦ፤
ወንበር ሳብላት፤ ገመድ ያዥ ይፈልጋል የዚህም ደቦ።

ከሞት አትጀምር። «ጥሩ ቀን ማለት ለእርስዎ ምን ዓይነት ነው?» በለው።
ምናልባት፣ «የልጅ ልጄ በመጋቢት ይወለዳል፣ እስከዚያ ግፉኝ» ይልሃል፣
«ከዚያ ወዲያ ግን በሌሊት ባሕር አሻግራችሁ ከማሽን ጋር አታጋቡኝ።»
ምናልባት ሌላ ይላል፤ እኔ አላውቅለትም፣ አንተም አትወቅለት።
ምናልባትም እስኪመሽ ስለ ድንች በሽታ ብቻ ያወራል።
ይሁን። ጀልባው ሐሙስም ይመለሳል።

ቅጹንማ እንሞላዋለን፤ መጀመሪያ ግን በእርሳስ፣ አደራ፤
ሁለቴ የተሰደደ ቤት አውቃለሁ፣ ከዚያ ኮረብታ ወደዚህ፣
ከዚህም ተመልሶ ወደዚያው ተራራ።

ይኸው ደረስን። ጭሱ ከጣራው ይታያል፤ ነቅቷል ማለት ነው።
ጫማህን በር ላይ አውልቅ።
ካልሲህ ተቀዷል? ይሁን፤ አይቶት ይስቃል።
ሲስቅ ሳሉ ይነሣበታል፤
ጠብቀው።